ለማህበራዊ ሠራተኞችና ለሱፐርቫይዘሮቻቸው ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት በራስ ጽሕፈት ቤት እንዴት ይዘጋጃል? (የ12 ሳምንት አሠራር)

«ሠራተኞቻችንን ሥልጠና እንልካለን፤ ሰርተፍኬት ይዘው ይመለሳሉ፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን ሥራው እንደ በፊቱ ነው። ምን እናድርግ?» ይህ ጥያቄ ከጅማ ከተማም ከዙሪያ ወረዳዎችም በየጊዜው ይደርሰናል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የቡድን መሪዎችና የበጎ አድራጎት ድርጅት አስተባባሪዎች ናቸው። አዳራሽ ለመከራየት በጀት የላቸውም፣ ሠራተኞቹን ለአምስት ቀን ከቢሮ ማስወጣትም አይችሉም። ከታች ያለው አሠራር የተዘጋጀው ለእነሱ ነው። ስድስት ማህበራዊ ሠራተኞችና ሁለት ሱፐርቫይዘሮች (የሠራተኞቹን ሥራ የሚከታተሉና የሚያማክሩ) ላሉበት ቢሮ የተሰላ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ አቅማችሁ አስተካክሉት። ቅደም ተከተሉን ግን አትቀይሩ፤ በተለይ ሱፐርቫይዘሮቹ ከሠራተኞቹ ቀድመው የሚሠለጥኑበትን ደረጃ ወደ ኋላ አትግፉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በር የሚዘጋና ድምፅ ወደ ውጭ የማያወጣ አንድ ክፍል፣ በክብ ሊደረደሩ የሚችሉ 8 ወንበሮች
- ፍሊፕቻርት 1 ጥቅል፣ ማርከር 4 (ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ሰማያዊ፤ ቀይ ለስህተት ማሳያ ስለሚመስል ተዉት)
- ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ለትምህርት ማስታወሻ ብቻ
- 12 የኬዝ (የተገልጋይ ጉዳይ) ፋይሎች፣ ቁልፍ ካለው ካቢኔት ጋር
- ሰዓት መያዣ (ስልክ ይበቃል፤ ጥሪው ይዘጋ)
- ለቡናና ለሻይ የሚሆን ትንሽ ወጪ

ፕሮጀክተር አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይቆማል፤ ከዚያም በላይ ስላይድ ያለበት ክፍል ውስጥ ሰው ይመለከታል እንጂ አይለማመድም።

ደረጃ 1፦ ፋይሎቹን አንብቡ (አንድ ቀን)

«ምን ሥልጠና ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ መጠይቅ አትበትኑ። ሰው ሲጠየቅ የሚጽፈው ቀደም ብሎ የሰማውን ርዕስ ነው፤ የጎደለው የሚታየው በፋይሉ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ፋይል ውሰዱ፤ አንዱ የተዘጋ፣ ሌላው ከተከፈተ ሦስት ወር ያለፈው ይሁን። ሠራተኛው ራሱ አይምረጥ፣ ሱፐርቫይዘሩም አይምረጥ፤ ከመዝገቡ በየስንተኛው ቁጥር እንደሚወሰድ ቀድማችሁ ተስማሙ። ለአንድ ፋይል 25 ደቂቃ ብትመድቡ 12ቱ በአምስት ሰዓት ያልቃሉ። በእያንዳንዱ ላይ እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች አንሡና «አለ»፣ «በከፊል» ወይም «የለም» በማለት ምልክት አድርጉ።

ሀ. ተገልጋዩ የመጣበት ጉዳይ በራሱ አባባል ተጽፏል?
ለ. ምዘናው ከችግሩ ሌላ ያለውን አቅምና አጋዥ ሰው (ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ዕድር) ይዟል?
ሐ. ዕቅዱ ከምዘናው የተነሣ ነው? ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያደርግ ይናገራል?
መ. መረጃውን ለሌላ አካል ለማካፈል ስምምነት እንዴት እንደተጠየቀ ተጽፏል?
ሠ. ሪፈራል (ወደ ሌላ አገልግሎት ሰጪ መላኪያ) ከተሰጠ ሰውየው መድረሱና አገልግሎቱን ማግኘቱ ተረጋግጧል?
ረ. ሱፐርቫይዘሩ ፋይሉን ሲያይ ከፊርማ ሌላ አስተያየት ጽፏል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ለማውጣት የሚፈተኑ አሉ። አታውጧት። የሱፐርቫይዘሩ ሥራ ካልታየ ጉድለቱ ሁሉ በሠራተኛው ላይ ይደፋል።

ማስጠንቀቂያ፦ በንባቡ ላይ አደጋ ውስጥ ያለ ሕፃን ወይም ሰው ያለበት ሆኖ ክትትሉ የተቋረጠ ፋይል ካገኛችሁ ንባቡን አቁሙ። በዚያው ቀን ጉዳዩን ለሚመለከተው ሠራተኛና ለኃላፊው አስረክቡ፤ የትምህርት ዕቅዱ ይቆይ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የስድስቱ ጥያቄዎች ምልክት ስለሚደመርበት ሰሌዳ ነው፤ የሠራተኛ ስም አይጻፍበት። ይህ ሰሌዳ አንድ ጊዜ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ከዋለ በሚቀጥለው ዙር ፋይሉ ሁሉ ባዶው ተሞልቶ፣ ተውቦ ይጠብቃችኋል፤ የተጻፈውም እውነት መሆን ያቆማል።

ደረጃ 2፦ ሦስት ጉድለት ብቻ ምረጡ

«የለም» የበዛባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ውሰዱና እያንዳንዱን በዓይን ሊታይ በሚችል ተግባር ጻፉ። «ስለ ሪፈራል ግንዛቤ ማሳደግ» የሚለው አይታይም፣ አይቆጠርም። «ሪፈራል ከተሰጠ በ7 ቀን ውስጥ መድረሱ በስልክ ወይም በአካል ተጣርቶ በፋይሉ ላይ ይጻፋል፤ አስቸኳይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ» የሚለው ግን ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ ጉድለት ሁለት ክፍለ ጊዜ መድቡ። በመጀመሪያው ሰው ይለማመዳል፤ ቀጥሎ ሁለት ሳምንት በሥራ ላይ ይሞክረዋል፤ በሁለተኛው ያቃተውን ይዞ ይመጣል። በአንድ ጊዜ የተማሩት ነገር እንቅፋቱ ሳይታወቅ ያልፋል። 3 ጉድለት በ2 ክፍለ ጊዜ፣ በጠቅላላው 6 ክፍለ ጊዜ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ሱፐርቫይዘሮቹን አስቀድሙ (ሁለት ግማሽ ቀን)

ብዙ ቢሮዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛዋ አዲስ አሠራር ተምራ ትመለሳለች፤ ሱፐርቫይዘሯ ያልተማረው ስለሆነ የሚጠይቃት የወሩን ቁጥር ብቻ ነው፤ ያልተጠየቀ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ ይተዋል። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሩ ሠራተኞቹ የሚማሩትን ከእነሱ ቀድሞ ተምሮ፣ መጠየቂያውንም ይዞ መጠበቅ አለበት።

የመጀመሪያው ግማሽ ቀን። የሱፐርቪዥን ሥራ ሦስት ነገር መሆኑን አስረዱ፦ አስተዳደራዊ (ሥራው በደንቡ መሠረት ተሠራ ወይ?)፣ ትምህርታዊ (ሠራተኛው ምን ይማር?)፣ ደጋፊ (ሥራው ሠራተኛውን ምን አደረገው?)። ከዚያ እያንዳንዱ ሱፐርቫይዘር ያለፈውን ወር ማስታወሻውን አውጥቶ፣ የተነጋገረባቸውን ነጥቦች በሦስቱ ሥር ይደልድል። አብዛኛው በአንደኛው ሥር ሲከመር ራሳቸው ያዩታል፤ ንግግር አያስፈልገውም።

ቀጥሎ አንድ ገጽ የሱፐርቪዥን ስምምነት አዘጋጁ። የሚይዛቸው ነጥቦች፦ በስንት ጊዜ እንገናኛለን (ለነባር ሠራተኛ በየሁለት ሳምንቱ 60 ደቂቃ፣ ስድስት ወር ላልሞላው በየሳምንቱ)፣ የተነጋገርነው ምኑ በሁለታችን መካከል ይቀራል፣ ምኑ ወደ ኃላፊ ይሄዳል (በተገልጋይ ላይ የደረሰ ጉዳት፣ የሥነ ምግባር ጥሰት)፣ ቀጠሮ የሰረዘ ሰው በስንት ቀን ውስጥ ይተካል። ሁለቱም ይፈርሙ። ይህ ካልተጻፈ ሠራተኛው ድካሙን ወይም ስህተቱን አይናገርም፤ የት እንደሚደርስ አያውቅምና።

የ60 ደቂቃው አከፋፈል እንዲህ ይሁን፦ 10 ደቂቃ የሠራተኛው ሁኔታ፣ 30 ደቂቃ ሁለት ኬዝ፣ 10 ደቂቃ በትምህርቱ ላይ የሞከረው፣ 10 ደቂቃ አስተዳደራዊ ጉዳይ። አስተዳደሩ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሆነ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ከገባ ሪፖርቱ፣ ሞተሩ፣ የቤንዚኑ ጉዳይ ሰዓቱን በሙሉ ይበላዋል።

ሁለተኛው ግማሽ ቀን። ልምምድ ብቻ ነው። ሁለቱ ሱፐርቫይዘሮችና አንድ ነባር ሠራተኛ ሆነው በየተራ፤ አንዱ ሱፐርቫይዘር፣ አንዱ ሠራተኛ፣ አንዱ ተመልካች። 8 ደቂቃ ንግግር፣ 5 ደቂቃ ግብረ መልስ፣ 2 ደቂቃ ማስታወሻ። ተመልካቹ የሚቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሱፐርቫይዘሩ ስንት ጊዜ ጠየቀ፣ ስንት ጊዜ መፍትሔ ሰጠ። በመጀመሪያው ዙር መፍትሔው ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ልምድ ያለው ሰው መልሱ ቶሎ ስለሚታየው ነው። መልሱን እየሰጠ በሄደ ቁጥር ግን ሠራተኛው ማሰቡን ለእሱ ይተውለታል። ሦስት ጥያቄዎችን በቃል ይያዙ፦ «እስካሁን ምን አየህ?»፣ «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?»፣ «እኔ ባልኖር መጀመሪያ ምን ታደርግ ነበር?» በዕድሜ ለሚበልጥ ሠራተኛ በአክብሮት ይጠየቅ፤ ታናሽ ሱፐርቫይዘር ታላቁን «አንተ» እያለ ሲጠይቅ ጥያቄው ምርመራ ይመስላል።

ደረጃ 4፦ ጊዜውን በጅማ ወቅት ልክ ያዙ

ቡና በሚለቀምበት ወራት፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ አትጀምሩ። በዚያን ጊዜ ቤተሰብ ወደ ለቀማ ይወጣል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፣ የሠራተኞቻችሁም ሥራ ይበዛል። ሰኔ ደግሞ የበጀት መዝጊያና የዝናብ ወር ነው። የሚመቸው ከጥምቀት በኋላ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ 12 ሳምንት ይሞላል። የፋይል ንባቡንና የሱፐርቫይዘሮቹን ሥልጠና ከዚያ በፊት ጨርሱ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 5፡00 ይሁን። ዓርብን ለጁምዓ ሰላት ተዉት። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ በመካከል ሊገባ ይችላል፤ ያኔ ጠዋት መሆኑ ይጠቅማል፣ የቡናውንም ጊዜ ወደ ዕረፍት ቀይሩት። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ከስድስቱ አንዱ ተረኛ ሆኖ ቢሮ ይቀራል፤ ስድስት ክፍለ ጊዜ ስላለ እያንዳንዱ የሚያመልጠው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በግል ሱፐርቪዥኑ ይሸፍነዋል። ተረኛ ሳይመደብ ቢሮው ከተዘጋ ባለጉዳይ በር ላይ ይቆማል፤ በሁለተኛው ሳምንት ኃላፊው ትምህርቱን ያስቆመዋል።

ደረጃ 5፦ የመወያያ ኬዝ ጻፉ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። ኬዙን ከመጨረሻው በፊት አቁሙት፤ ውጤቱ ከተጻፈ ተወያዩ የሚባሉት ሰዎች ማሰብ ትተው መፍረድ ይጀምራሉ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ከኅዳር ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደችም። አክስቷ ‹ለቀማው ሲያልቅ ትመለሳለች› ይላሉ። ልጅቷ ቤት ስትጎበኙ ቡና ታቀርባለች፤ ከአክስቷ ፊት አትናገርም። በሁለተኛው ጉብኝት እጇ ላይ አዲስ ጠባሳ አያችሁ።»

ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፦ «ቀጥሎ ማንን፣ የት፣ ምን ትጠይቃላችሁ?» አንዳንዱ ወዲያው ወደ ሕጉ ይሮጣል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ይከለክላል ይላል። ትክክል ነው። ግን ልጅቷ ደመወዝ ትቀበል አትቀበል፣ ጠባሳው ከምን እንደመጣ፣ ከማን ጋር ብቻዋን ልታወራ እንደምትችል ገና አልታወቀም። አወያዩ ወደ ጥያቄው ይመልሳቸው።

እውነተኛ ኬዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ስሙን መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ጅማ ውስጥ ሰው በቀበሌው፣ በአባቱ ሥራ፣ በሚሰግድበት መስጊድ ወይም በሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን፣ በልጆቹ ቁጥር ይታወቃል። የቀበሌውን ስም ብቻ ብትጽፉ «የእገሌ ቤት ናት» የሚል ሰው ከክፍሉ አይጠፋም። ስለዚህ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ ሥራና ትምህርት ቤት ይውጡ፤ የልጆች ቁጥርና ዕድሜ ይቀየር፤ ከሁለት የተለያዩ ፋይሎች አንድ ኬዝ ይገጠም፤ ፋይሉን የማያውቅ አንድ ባልደረባ አንብቦ «ማን እንደሆነ ገመትኩ» ካለ እንደገና ይቀየር። ወረቀቶቹ ተቆጥረው ይሰጡ፣ ተቆጥረው ይሰብሰቡ፤ ፎቶ አይነሡ፣ በቴሌግራም አይላኩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን በወንጀል ይደነግጋል። ለሥልጠና ነው ማለት ምስጢሩን አያስቀረውም።

ደረጃ 6፦ ክፍለ ጊዜውን ምሩ (150 ደቂቃ)

1. 15 ደቂቃ፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት የተሞከረው። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሠራና አንድ ያልሠራ ይናገር።
2. 20 ደቂቃ፦ ማሳያ። ሱፐርቫይዘሩ ተግባሩን ራሱ ሠርቶ ያሳያል።
3. 50 ደቂቃ፦ ልምምድ በሦስት በሦስት፣ 15 ደቂቃ ሦስት ዙር፤ ቀሪው 5 ደቂቃ ለመቀያየር።
4. 15 ደቂቃ፦ ቡና።
5. 35 ደቂቃ፦ የመወያያ ኬዝ።
6. 15 ደቂቃ፦ እያንዳንዱ በደብተሩ «እስከሚቀጥለው ድረስ በየትኛው ኬዝ ላይ ምን እሞክራለሁ» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል።

አምስቱ ሠራተኞችና አንዱ ሱፐርቫይዘር ሁለት የሦስት ሰው ቡድን ይሆናሉ፤ ሌላው ሱፐርቫይዘር ሰዓት ይይዛል። ማሳያው 20 ደቂቃ ብቻ የሆነው አፍና ጆሮ የሚሠለጥኑት በመናገርና በመስማት ስለሆነ ነው። ጊዜ ካጠረ ከማሳያው ቀንሱ፤ ከልምምዱ አትንኩ።

ልምምዱ ከተገልጋዩ ጋር በሚነገርበት ቋንቋ ይሁን። ቤት ስትጎበኙ በኦሮምኛ የምትጠይቁ ከሆነ በአማርኛ መለማመድ ግማሽ ሥራ ነው፤ ከባዱ ነገር ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ነውና። አንድ ፍሊፕቻርት ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ አስቸጋሪ ቃላትን በሁለቱም ቋንቋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉ። ለምሳሌ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው የመንግሥት ወረቀት ነው። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ «የነገሩኝን ለሐኪሙ ብነግር ይስማማሉ? አይሆንም ማለት ይችላሉ፤ እኛ ጋ የሚያገኙት አገልግሎት አይቋረጥብዎትም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ካልተባለች ሰው እርዳታው እንዳይቀርበት ሲል ብቻ «እሺ» ይላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በሚና ጨዋታ ማንም የራሱን ሕይወት ወይም የራሱን ተገልጋይ አይጫወት። ከሠራተኞቹ መካከል ጥቃት የደረሰባት ወይም የቅርብ ሰው በሞት የተለያት ልትኖር ትችላለች፤ «ይቁም» ያለ ሰው ምክንያት ሳይጠየቅ ይቆምለት። ዙሩ ሲያልቅ ተገልጋይ ሆኖ የተጫወተው ሰው ስሙን ጠርቶ ከሚናው ይውጣ፤ ቀላል ቢመስልም የተጫወቱት ስሜት ወደ ቤት እንዳይከተል ይረዳል።

ደረጃ 7፦ በመካከል ሥራው ላይ እዩ

ሱፐርቫይዘሩ እያንዳንዱን ሠራተኛ በወር አንድ ጊዜ በሥራ ላይ ያለበት ይመልከት። የተገልጋዩን ስምምነት በፊተኛው ጉብኝት ጠይቁ፤ በር ላይ ቆሞ «እሳቸውም ይግቡ?» ማለት መጠየቅ አይደለም፣ እንግዳ የሚመልስ ሰው የለምና። ምልክት ያለበትን መኪና ወይም ሞተር ከደጁ አታቁሙ፤ ራቅ አድርጋችሁ በእግር ግቡ። ሱፐርቫይዘሩ ከጎን ይቀመጥ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልመጣ ንግግሩን አይቀማ። ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግብ፤ ግብረ መልሱንም በ48 ሰዓት ውስጥ ይስጥ። ከዘገየ ሁለቱም የሚያስታውሱት የተለያየ ነገር ይሆናል። «ጥሩ ነው» ግብረ መልስ አይደለም። «እናቲቱ ሲያለቅሱ ዝም ብለሽ ጠበቅሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ባላቸው የነገሩሽ» የሚለው ነው።

ደረጃ 8፦ ከውጭ ባለሙያ ስትጋብዙ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚከተል ተቋም ስለሆነ መምህራኑ ወደ ሥራ ቦታ መምጣት አዲሳቸው አይደለም። ደብዳቤያችሁ ግን ግልጽ ይሁን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ 90 ደቂቃ፣ የኬዝ ውይይት፣ የምትወያዩበት ጉድለት። «ሥልጠና እንዲሰጡን» ብቻ ካላችሁ የሚመጣላችሁ የክፍል ሌክቸር ነው፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም። በምላሹ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ለመቀበል ዝግጁ መሆናችሁን ጻፉ። የመወያያ ኬዙን ከአንድ ሳምንት በፊት፣ መለያው ከወጣለት በኋላ፣ በእጅ አድርሱ።

ደረጃ 9፦ ማስረጃና መዝገብ

ሰርተፍኬቱ ላይ ርዕስ፣ ቀናት፣ ሰዓት (2፡30 በ6፣ 15 ሰዓት)፣ ፊርማና ማኅተም ይኑር፤ አምስት ክፍለ ጊዜ ለተገኘ 12፡30 ተጽፎ በግል የተሸፈነው ለብቻው ይገለጽ። ቅጂው በግል ማኅደር ይግባ። በጤና ተቋም የምትሠሩ ከሆነ የጤና ባለሙያዎች ቀጣይ ሙያዊ ትምህርት የራሱ የዕውቅና ሥርዓት ስላለው፣ ይህን ሰዓት ለዚያ ከማስመዝገባችሁ በፊት የሰው ሀብት ክፍላችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 10፦ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና 12 ፋይል

ያንኑ ስድስት ጥያቄ፣ በያኔው አመራረጥ፣ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ በተሠሩ ፋይሎች ላይ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው «ሥልጠናው ይደገም» አትበሉ። መጀመሪያ እነዚህን አጣሩ፦ ቅጹ ላይ አዲሱ ተግባር የሚጻፍበት ቦታ አለ? አንድ ሠራተኛ የያዘው ኬዝ ክትትል ለማድረግ ጊዜ ይሰጠዋል? የሱፐርቪዥኑ ቀጠሮ በእርግጥ ተደርጓል ወይስ ተሰርዟል? ቅጹን ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም መልሱ እዚያ ይገኛል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

አንድ ሰው ብቻ መላክ፦ ከውጭ ሥልጠና ሲመጣ ሁልጊዜ ያው ሰው ይሄዳል። ሁለት ሰው፣ አንዱ ሱፐርቫይዘር፣ ካልሄደ የተማረው ከግለሰቡ ጋር ይቀራል፤ ሲዛወርም አብሮት ይሄዳል።

ሱፐርቪዥንን ከቅጣት ጋር መቀላቀል፦ የዲሲፕሊን ጉዳይ በሌላ ቀን፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ቃለ ጉባዔ ይያዝ።

የውሎ አበል ተስፋ፦ በገዛ ቢሮ የሚደረግ ትምህርት አበል እንደሌለው በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ። ሳይነገር ከቀረ እስከ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሰው ይቀንሳል።

«ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ ልምምዱን መዝለል፦ ነባር ሠራተኞች ባሉበት ይበዛል። ለእነሱ የተመልካችነቱን ቦታ መጀመሪያ ስጡ፤ ሌላውን ሲቆጥሩ የራሳቸውን ያያሉ።

ሁለት ሠራተኛ ብቻ ካላችሁ

በወረዳ ቢሮ አንድ ወይም ሁለት ማህበራዊ ሠራተኛ ብቻ መኖሩ የተለመደ ነው። ያኔ ከሁለት አጎራባች ወረዳዎች ጋር ተጣመሩ፤ ክፍለ ጊዜውን በወር አንዴ አድርጋችሁ ስድስቱን በስድስት ወር ጨርሱ፤ ቦታውን በየተራ አዟዙሩ። የመወያያ ኬዙ ሁልጊዜ በዚያ ቀን ከማያስተናግዱት ሁለት ወረዳዎች ከአንዱ ይምጣ፤ የሚያስተናግደው ወረዳ ሰዎች ባለቤቱን ሊያውቁት ይችላሉና። የግል ሱፐርቪዥኑ በስልክ ሊሆን ይችላል፣ ሠራተኛው በር ዘግቶ ብቻውን መሆኑን አረጋግጣችሁ፤ የተገልጋይ ስም ግን በስልክ አይጠራ፣ የፋይል ቁጥር ይበቃል።